ዘጠኝ ሰከንድ እልልታ

ፍቅረ ሥላሴ ሲዲ ማጫወቻው እያረጀ መሆኑን የሚያውቀው በደብተር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በቢቸና ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የወባ ተሐዋሲ ሲቆጥር የኖረ ሰው፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ሳይቆጥር መዋል አልሆነለትም። «ሐምሌ 8፤ ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንድ ጊዜ ዘለለ። ነሐሴ 2፤ ሁለት ጊዜ ዘለለ፤ ሌንሱ በአልኮል ተጠረገ። ነሐሴ 3፤ ሦስት ጊዜ ዘለለ፤ አልኮሉ አልጠቀመም።»

ማጫወቻው የዋዛ ዕቃ አልነበረም። መንገድ ሊሠራ የመጣ የውጭ አገር መሐንዲስ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ከነአምፕሊፋየሩና ወገብ ከሚደርሱት ሁለት ስፒከሮች ጋር የሸጠለት ነው። ፍቅረ ሥላሴ በጤና ጣቢያው የሕፃናት ሚዛን ላይ አንጠልጥሎ መዝኖታል፤ አሥራ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ይዞ ሲቀመጥ፣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ሰላምታ የሚሰጠው ለእሱ ይመስል ነበር።

ዘፈን ለመስማት ብቻ ቢሆን ስልክ ይበቃው ነበር። ጉዳዩ አንድ ሲዲ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሚስቱ ይርጋነሽ እንቅርቷን ለማስወጣት ባሕር ዳር ስትሄድ፣ ሐኪም ቤቱ የሚያስፈርመውን ወረቀት ፍቅረ ሥላሴ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበው። ከመጨረሻው በላይ ያለው መስመር «ድምፅ ሊለወጥ ይችላል» ይላል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሚስቱን በቀጥታ ድምፅ ወደሚቀዳበት ቤት ወሰዳት።

«ምን እንድል ነው?» አለችው፣ ማይክራፎኑን እንደማታውቀው ሰው እያየች።

«የምታውቂውን ሁሉ።»

የምታውቀው የሠርግ ዘፈን ነበር። ሦስተኛውን ስትጨርስ «ይኼ ለአርሴማ ሠርግ ይሁን» አለችና እልል አለች። ልጃቸው አርሴማ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እልልታው ሲዲው ላይ ከ17፡42 እስከ 17፡51 ይገኛል።

ወረቀቱ አልዋሸም። እንቅርቱ ወጣ፤ ድምፁም አብሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ይርጋነሽ የምትናገረው ገለባ በወንፊት የሚያልፍ በሚመስል ሹክሹክታ ነው። ባል ለመገሠጽ ይበቃል፤ እልል ለማለት አይበቃም።

የአርሴማ እጮኛ ይታያል «ወደ ፍላሽ እንገልብጠው» ብሎ ነበር። ላፕቶፑ ግን የሲዲ ማስገቢያ የለውም። ከተማው ውስጥ ማስገቢያ ያላቸው ሁለት ኮምፒውተሮች ተፈልገው ተገኙ። አንደኛው ሲዲውን ሲያሽከረክር ቆይቶ ባዶ ነው አለ፤ ሁለተኛው ማሽከርከሩንም አልፈቀደም። ያረጀውን ሲዲ የሚያነበው ያረጀው ማጫወቻ ብቻ ሆነ።

ጥር ላይ የይታያል ሽማግሌዎች መጡ። ልጅቷ ተፈቀደች። ፍቅረ ሥላሴ ሰዓቱን አስልቶ ማጫወቻውን አዘጋጅቶ ስለነበር ልክ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሲመርቁ የይርጋነሽ እልልታ ጀመረ። ሁለት ሰከንድ ሄደ። ከዚያ «እል… እል… እል… እል…» እያለ ቀረ፤ በብርድ ጠዋት አልነሣ እንዳለ ባጃጅ።

በደንቡ እናት እልል ስትል ሴቶቹ ይቀበላሉ። ያን ቀን የተቀበለ አልነበረም። ጎረቤታቸው ውበቴ እጇን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ጠብቃ ጠብቃ፣ መልሳ አወረደችው። አንደኛው ሽማግሌ ደጅ ምን እንደቆመ ለማየት አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። ይርጋነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጓዳ ገባች።

እንግዶቹ ሲሸኙ ተመለሰች።

«ለሠርጉ እንዳታወጣው» አለችው።

«ማጫወቻው ይቀየራል።»

«ሰው ያልተቀበለው እልልታ ምን ያደርግልኛል? ልጄን ዝም ብዬ ብድር ይሻለኛል።»

ፍቅረ ሥላሴ ደብተሩን አውጥቶ «ጥር 17፤ ማንም አልተቀበለም» ብሎ ጻፈ። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል።

የካቲት ሊያልቅ ሲቃረብ ከሞጣ አብዱሰመድ ደወለ። አብዱሰመድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጭና ጠጋኝ ነው፤ የማጫወቻውን ሌንስ ሁለት ጊዜ ያደሰውም እሱ ነበር።

«ጋሽ ፍቅሬ፣ የሚፈልጉት ዕቃ መጣ። ከጅዳ የተመለሰ ሰው ነው ያመጣው። የዚያው የእርስዎ ዓይነት፣ ብዙም ያልሠራ።»

«ክብደቱስ?»

«ብቻዬን አነሣለሁ ብዬ ወገቤን ይዞኛል።»

ፍቅረ ሥላሴ በዚህ ተማመነ። «ከፋሲካ በኋላ መጥቼ ልየው።»

«ለቅዳሜ የቀጠርኩት ሌላ ሰው አለ። እስከ ዓርብ ከመጡ የእርስዎ ነው፤ ካልመጡ አልቀየምዎትም።»

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፍቅረ ሥላሴ ሲዲውን በሁለት ካርቶን መሐል አድርጎ፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣ ኮቱ ውስጥ ከተተው። ይርጋነሽ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«እኔ እዚህ ተቀምጬ ድምፄን ፍለጋ ሞጣ ትሄዳለህ።»

«እዚያ ቢገኝስ?»

«ከተገኘ ሰላም በልልኝ።»

በደብረ ወርቅ በኩል አልፎ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሞጣ ደረሰ። ማጫወቻው የሱቁ ባንኮኒ ላይ ተቀምጦ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ከአብዱሰመድ አምፕሊፋየርና ከሁለት ግዙፍ ስፒከሮች ጋር ተገናኝቶ ጠበቀው። ፍቅረ ሥላሴ ዙሪያውን አየ፤ ብሎኖቹን ቆጠረ፤ የሲዲ ማስገቢያውን አሥር ጊዜ ከፍቶ አሥር ጊዜ ዘጋው።

«ያስገቡትና ይስሙታ» አለ አብዱሰመድ።

«ዘፈን ነው።»

«እና?»

«ሁዳዴ ነው።»

አብዱሰመድ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣ። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ገጥመዋል። «ወላሂ እኔም ረስቼው! በረመዳን እዚህ ሱቅ ውስጥ ዘፈን አይከፈትም። ታዲያ ሳይሰሙ ሊገዙ ነው?»

«ሳልሰማ አየዋለሁ።»

ፍቅረ ሥላሴ ይህን በመኪና ውስጥ ሲያስብበት መጥቷል። ማጫወቻው ሲዘል ፊቱ ላይ ያለው ቁጥር ይቆማል ወይም ይዘላል። የአምፕሊፋየሩ ድምፅ ዜሮ ላይ ይሆናል፤ ቁጥሩ ይታያል። አብዱሰመድ በሐሳቡ ላይ የሚነቅፈው ነገር አጣ። ሁለቱ ጾመኞች በሁለት ዱካ ጎን ለጎን ተቀመጡና ቁጥር ማየት ጀመሩ።

ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ፍቅረ ሥላሴ «አሁን አስነጠሳት» አለ።

«ማንን?»

«ባለቤቴን። እዚህ ላይ ትንሽ አቧራ ገብቶባት ነበር።»

አብዱሰመድ ወደ ዝምተኛው ስፒከር ዞረ። «ይማራት» አለ።

«አሁን ከበሮ ገባ። የሚመታው የድምፅ መቅጃ ቤቱ ጌታ ነው፤ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል።»

«አሁንም?»

«አሁንም።»

አንድ ገበሬ ባትሪ ሊገዛ ገብቶ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ድምፅ በሌለው ዕቃ ላይ አፍጥጠው ሲያይ ቆም አለ። «ተበላሽቶ ነው?» ሲል ጠየቀ። «ኧረ እንዴት አድርጎ ይሠራል!» አለው አብዱሰመድ። ሰውዬው ባትሪውን ሳይገዛ ወጣ።

አሥራ አራተኛው ደቂቃ አለፈ። ቁጥሩ አንድም ጊዜ አልዘለለም። ሆኖም ፍቅረ ሥላሴን አንድ ነገር ይቆረቁረው ጀመር። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራው የደም ናሙና ያለበትን ስላይድ ሳያይ በላዩ የተጻፈውን ስም ብቻ አይቶ ውጤት ሰጥቶ አያውቅም። ቁጥሩ ስም ነው። ሌንሱ ማንበቡን ይናገራል እንጂ የሚወጣው እልልታ ይሁን የባጃጅ ድምፅ አይናገርም። ይርጋነሽ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ከተዋረደች ሦስተኛ ጊዜ የለም።

«አብዱ፣ እልልታ ዘፈን ነው?»

አብዱሰመድ ጥያቄው የዋዛ አለመሆኑን አይቶ ጢሙን ይዞ አሰበ። «እናንተ ዘንድ በጾሙ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እልል አይባልም?»

«ይባላል።»

«እኛም ዘንድ ልጅ ሲወለድ ይባላል። ልጅ ደግሞ ረመዳን እስኪወጣ አይጠብቅም። ዘፈን አይደለም።»

«እኔም እንደዚያው ነው የመሰለኝ።»

«ግን ከዘፈኑ ጋር ተጣብቋል አይደል?»

«17፡42 ላይ ዘፈኑ አልቋል። የሚቀጥለው 17፡53 ላይ ይጀምራል። መሐሉ ንጹሕ እልልታ ነው።»

«እንግዲያው ስንት ላይ ያደርጉታል?» አለ አብዱሰመድ፣ የድምፁን ቁልፍ እያሳየ።

«ግማሽ። ቤት ሁልጊዜ ግማሽ ላይ ነው። አንተ ዓይንህን ከቁጥሩ እንዳታነሣ፤ እየቆጠርክ ትነግረኛለህ።»

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነበር። የፍቅረ ሥላሴ አምፕሊፋየር የሳሎን ነው። የአብዱሰመድ ለሠርግ ድንኳን የሚከራይ ነው፤ ስፒከሮቹም አላፊ አግዳሚው እንዲያያቸው ፊታቸው ወደ መንገድ ዞሯል። ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ሰው ጥቂት ሰምቶ «ቀንሰው» ይል ነበር። የዛሬው ሥራ ግን ከዜሮ ተነሥቶ በአንድ ጊዜ ግማሽ ላይ የሚያርፍ ነው። ለማስጠንቀቅ የሚችለው ብቸኛ ሰው ደግሞ ዓይኑን ከቁጥሩ እንዳያነሣ ታዟል።

«አርባ» አለ አብዱሰመድ። «አርባ አንድ። አርባ ሁለት!»

ፍቅረ ሥላሴ ቁልፉን አዞረ።

እልልታው ወጣ። መደርደሪያው ላይ የነበሩት አምፖሎች በየካርቶናቸው ተንቀጫቀጩ። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት እልልታ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የምላሷ ምት እያንዳንዱ ለብቻው የሚለይ፣ የትም ያልተበጠሰ። ፍቅረ ሥላሴ ምቶቹን ለመቁጠር አስቦ ነበር። ሳይቆጥራቸው ቀረ።

«ሃምሳ አንድ!» ብሎ ጮኸ አብዱሰመድ።

ፍቅረ ሥላሴ ወደ ዜሮ መለሰው። ሱቁ ጸጥ አለ። መንገዱ ግን ጸጥ አላለም። ከጎረቤቱ ጨርቃ ጨርቅ ቤት አንዲት ሴት ተቀበለች። ከማዶ ሁለት ቀጠሉ። ከጓሮ በኩል፣ ከወፍጮ ቤቱ ደጅ፣ ከየግቢው እየተቀባበለ መጣ፤ ከሞጣ አንዱ ሰፈር እልል ሲል ሁለቱ ሰዎች ከዱካቸው ሳይነሡ ተያዩ።

የአብዱሰመድ ሚስት ሀሲና ሻርፗን በእጇ ይዛ እየሮጠች ገባች። ከኋላዋ የሰፈሩ ሴቶች።

«ወለደች? እኔ ለአንድ አፍታ ጎረቤት ብወጣ! ማን አዋለዳት? ወንድ ነው ሴት?»

የአብዱሰመድ ልጅ ኸይራት ለመውለድ ወሯ ገብቶ፣ ከሱቁ ኋላ ባለው ክፍል ተኝታ እንደነበር ፍቅረ ሥላሴ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። የኋላው በር ተከፈተ። ኸይራት ሆዷን ቀድማ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ብቅ አለች።

«ማነው የወለደልኝ?» አለች።

ሴቶቹ ሆዷን አዩ። ሆዷ እንዳለ ነው።

«ሲዲ ነው» አለ አብዱሰመድ።

«ሲዲ ምን ወለደ?» አለች ሀሲና።

«የባለቤቴ እልልታ ነው» አለ ፍቅረ ሥላሴ ተነሥቶ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለልጃችን ሠርግ ዕቃውን እየሞከርን ነበር።»

«የት አለች ባለቤትዎ?»

«ቢቸና።»

ሀሲና ስፒከሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። «እንዲህ ያለ ጉሮሮ! አላህ ይጠብቅላት።»

«አሜን» አለ ፍቅረ ሥላሴ። ደብተሩን አወጣ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ ተቀብለዋል?»

«እንዴታ! እንዲህ ሲባል ዝም ይባላል?»

«አንቺስ፣ እመቤት?»

«እኔማ ሊጥ እያቦካሁ ነው የተቀበልኩት።»

በበሩ ላይ የቆሙትን አንድ በአንድ ጠየቀ። ሁለቱ ለማየት ብቻ ነው የመጡት፤ እነሱን አልጻፋቸውም።

ማጫወቻውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በመኪናው ውስጥ ለራሱ አንድ፣ ለዕቃው አንድ ወንበር ይዞ ተመለሰ። ከቢቸና መናኸሪያ በባጃጅ ቤት ሲደርስ ይርጋነሽ በሩ ላይ ነበረች። ዕቃውን አላየችም፤ ፊቱን ነው ያየችው።

«አነበበ?»

«አነበበ።»

«በምን አወቅህ? በሁዳዴ ዘፈን ሰማህ?»

«እልልታውን ብቻ። ዘጠኝ ሰከንድ።»

«እና?»

ደብተሩን ከፍቶ ሰጣት። መነጽሯን አድርጋ፣ ከብርሃኑ አስጠግታ አነበበችው። «የካቲት 26፤ ሞጣ። ከ17፡42 እስከ 17፡51 አልዘለለም። የተቀበሉ ሴቶች፤ አሥራ አንድ።»

«አያውቁኝም እኮ» አለች በሹክሹክታዋ። «ምን ብለው ተቀበሉ?»

«ልጅ የተወለደ መስሏቸው።»

ይርጋነሽ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቋ ድምፅ የለውም፤ ካላዩት አይታወቅም። እስኪበርድላት ደብተሩን ይዛ ቆየች። ከዚያ አሮጌው ማጫወቻ የተሸፈነበትን አቡጀዲ ገፍፋ አመጣችና አዲሱ ላይ በአራቱም በኩል አስተካክላ ጣለችው።

«እስከ ፋሲካ እንዳትነካው» አለች።

«ለሠርጉስ?»

«ለሠርጉ ከግማሽ በላይ አድርገው።»