የኦርቪን ቀኝ ጉልበት

በአሜሪካዋ ዱሉት ከተማ ቤት የሚጎበኝ ሰው ጣሪያውን ያደንቃል እንጂ የሚረግጠውን አያይም። ምንጣፍ አንጣፊ ግን የሚሠራው ከእጁ ይልቅ በጉልበቱ ነው። ምንጣፉን እስከ ግድግዳው የሚስብበት መወጠሪያ ከፊት ጥርስ፣ ከኋላ ትራስ አለው፤ ጥርሱን ምንጣፉ ላይ አስነክሶ ትራሱን በጉልበት መምታት ነው። አባቴ ኦርቪን ዕድሜውን ሙሉ በቀኙ ሲመታ ኖሮ ጉልበቱ በውስጥ በኩል አለቀ። ሐኪሞች የተበላውን ግማሽ በብረት ተኩለት።

"መራመድ ይችላሉ፤ መምታት ግን በቃ" አለችው ሐኪሟ።

"ግራው አለልኝ።"

አብሬው እሠራለሁ፤ ያለ ጉልበት የሚወጥር ረጅም የብረት ዘንግም አለን። አባቴ "የሰነፍ ምርኩዝ" ስለሚለው መኪናችን ውስጥ ከነማሸጊያ ላስቲኩ ተጋድሟል።

በክረምቱ ብርድ የሉተራን ቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ምንጣፍ ለማንጠፍ ያዝን። አባቴ በግራው ሲመታ ይስታል፤ ጥግ ጥጉ ይሸበሸባል። ማጣበቂያ ላመጣ ወጥቼ ስመለስ፣ በር ላይ በረዶ ከጫማዬ ሳራግፍ፣ ከውስጥ ጠንካራ ምት ሰማሁ። ያን ምት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

"አባዬ፣ በየትኛው ነው የምትመታው?"

"ባሰኘኝ። ፖሊስ ሆንሽ ደሞ?"

"ቢሰበር አላዝልህም።"

"ማን እዘይኝ አለሽ? ማጣበቂያውን ወዲህ በይ።"

ሲነሳ ወንበር ይዞ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ሆስፒታል ሲታይ ብረቱ ከአጥንቱ ላልቶ ነበር፤ ከሥሩ ያለው አጥንትም ተሰንጥቋል። እንደገና ከፍተው የግማሹን ብረት ነቀሉና ሙሉ የብረት ጉልበት ተኩለት። ቁስሉ መግል ቋጠረ፤ ለማጠብ ደግመው ከፈቱት። ከዚያ ወዲህ እግሩ አልታጠፍ አለ። እሱ ግን "በጋው ሲገባ ሥራ እጀምራለሁ" ይል ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ ቄሱ ደወሉ፤ የአዳራሹ ጥግ ተሸብሽቦ ምእመን እያደናቀፈ ነው። አባቴ በምርኩዝ ተከትሎኝ መጣና ወንበር ላይ ተቀመጠ። ተንበርክኬ ጉልበቴን ወደ ትራሱ ሳነሳ፣

"ተይው" አለኝ።

"ምኑን?"

"ዘንጉን አምጪ።"

አምጥቼ ላስቲኩን ስቀድ ያሾፍብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን መወጠሪያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ያለቀውን የትራሱን ቆዳ በአውራ ጣቱ ይዳብሳል።

"ይሄን ለሚፈልገው ስጪው" አለ።

ጀርባዬን ሰጥቼው ጥጉን መወጠር ጀመርኩ። ዘንጉ ድምፅ የለውም።