ስድስት ሰዓት የዘገየው ኮከብ

ገላና እባላለሁ። እንጦጦ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሃል ካለው ጉልላት ውስጥ ቴሌስኮፕ አንቀሳቃሽ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ሰዓት ተሳስቼ አላውቅም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰሞኑን «ገላና አርጅቷል» የሚሉትን ስለማልወድላቸው ነው።

የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ መዝገብ ላይ የሚጻፈው የፈረንጅ ሰዓት ብቻ። ግድግዳው ላይ ያለው በፈረንጅ ይቆጥራል፣ እጄ ላይ ያሰርኩት በእኛ። የእጄን ሰዓት የማየው ለሚስቴ ለዳርቱ ስል ነበር። ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ካሜራው የመጀመሪያውን ፎቶ ሲያነሳ፣ ወሰን ሰፈር ወዳለው ቤታችን ደውዬ «በላሽ?» እላታለሁ። እሷም «ጋቢህን ደረብክ?» ትለኛለች። በቃ፣ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

ሚያዝያ ላይ ተለየችኝ። ለቅሶው ላይ ሰው ሲያጽናናኝ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ እንጂ «ሞተች» የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ስልኳ መሳቢያ ውስጥ ጠፍቶ ተቀምጧል። እኔ ግን ማታ ማታ እደውላለሁ፤ ጥሪ አይቀበልም የምትለውን ሴትዮ ሰምቼ እዘጋለሁ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ታዲያ ማንን ጎዳሁ?

ናዲያ እኛ ጋ የመጣችው ሰኔ ላይ ነው። ቤተሰቦቿ መገናኛ ሱቅ አላቸው፤ እሷ ደግሞ ማስተርሷን በከዋክብት ላይ ትሠራለች። ገና በመጣች ሰሞን «ባለቤትዎ ደህና ናቸው?» ስትለኝ «ደህና ናት» ብዬ አረፍኩት። አንዴ ካልኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። በዓል ሲሆን ለዳርቱ ብላ ሃልዋ የሚሉትን ጣፋጭ ልካልኛለች። ወስጄ ብቻዬን በላሁት።

ጥቅምት አሥራ ሁለት ምሽት መብራት ሄዶ መጣና የኮምፒውተሩ ሰዓት ተዛባ። እንዲህ ሲሆን በእጅ ነው የምንጽፈው። ፎቶውን አስጀመርኩ፣ እጄን አየሁ፣ 2:10 ብዬ ጻፍኩ፣ ደወልኩ። ሐሳቤ ያለው ወሰን፣ ቤቴ ነበር።

በማግስቱ ናዲያ ፎቶውን ከድሮው ጋር ስታስተያይ አንድ ጋላክሲ ጫፍ ላይ ያልነበረ ነጥብ አገኘች። የፈነዳ ኮከብ ነው። ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ፤ ትልቅ ኮከብ ሆዱ ውስጥ ያለውን ነዳጅ እያቃጠለ እያቃጠለ ብረት ላይ ይደርሳል፤ ብረት አይነድለትም፤ ያኔ መሃሉ ተደርምሶ ይፈነዳል። የተበተነው ደግሞ ከሌላ ጋዝ ጋር ተቀላቅሎ አዲስ ኮከብ ይወለድበታል። «ደምዎ ውስጥ ያለው ብረት ሳይቀር ከእንዲህ ዓይነት ፍንዳታ የመጣ ነው፣ ጋሽ ገላና» አለችኝ። ጥሩ ነው። እኔን ግን አላጽናናኝም፤ ማታ ቤቴ በር የሚከፍትልኝ ብረት አይደለም።

ሪፖርቱን አዲስ ግኝት ወደሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ማዕከል ላከች። ማን ቀድሞ አየ በሚለው ዓለም ሁሉ ይሽቀዳደማል ለካ። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፦ ስፔን ያለ አንድ ሰው በእናንተ አገር እኩለ ሌሊት አልፎ 0:30 ሲሆን አይቶታል፤ እናንተ 2:10 ብላችኋል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ናችሁ። ኮከቡ የሰው ዘር ሳይኖር የፈነዳ ነው እኮ። ብርሃኑ ስንት ሚሊዮን ዓመት ተጉዞ ሲደርስ እነሱ በሁለት ሰዓት ይሟገታሉ።

ናዲያ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ከዚህ ተራራ በስሟ የሚመዘገብ የመጀመሪያው ኮከብ ይሆን ነበር። መዝገቡን ገለጥኩና የራሴን ጽሑፍ አየሁ፤ 2:10 ያልኩት የእጄን ሰዓት አይቼ ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር፣ ምሥጢሬም ከእኔ ጋር ይቀር ነበር። የልጅቷ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ማየት አቃተኝ።

«ናዲያ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። «በእኛ ሰዓት ነው የጻፍኩት። በፈረንጅ 20:10 ነው፤ ከሰውየው ቀድመናል።»

ዞር አለች። «በምን እናሳምናቸዋለን?»

ስልኬን አወጣሁ። «ፎቶውን እንዳስጀመርኩ ደውዬ ነበር። ሰዓቱን ይዞታል።»

ተቀብላኝ የጥሪ ዝርዝሩን ወደ ታች አወረደችው። ዳርቱ፣ ዳርቱ፣ ዳርቱ፣ በየማታው። እንባዋን እየጠረገች ሳቅ አለች። «እንዴት ቢወዷቸው ነው! እሳቸው ግን አንድም ቀን አላነሱልዎትም።» ከዚያ ፊቷ በራ። «ያልተነሳ ጥሪ ሆኖ እሳቸውም ስልክ ላይ ይኖራል። ዛሬ ቤት ሲገቡ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ሁለት ማስረጃ ይዘን ማን ይከራከረናል?»

ከታች፣ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች እየተጠራሩ ቁልቁለቱን ይወርዱ ነበር። እስኪያልፉ ጠበቅኩ።

«ዳርቱ ሞታለች» አልኩ። «አንቺ ሳትመጪ።»

ናዲያ ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ወንበር ሳበችልኝ፤ ተቀመጥኩ።

«ይቅር፣ ጋሽ ገላና» አለች። «ኮከቡ ለሰውየው ይሁን። ይህን ለማያውቁዎት ሰዎች ምን ብዬ እጽፋለሁ?»

«እንዳለ ነዋ። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ወር ሆኗታል፤ እሱ ግን ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይደውልላታል፤ የተሳሳተውም ለዚህ ነው ብለሽ ጻፊ።»

በእንግሊዝኛ ጻፈችው፤ ቀስ ብላም አነበበችልኝ። እስክሪብቶ ሰጠችኝና ከሥሩ ፈረምኩ።