የሙከራ ከበሮ

ሙሰዲቅ ከበሮ መምረጥ ከጀመረ ወር ሊሞላው ነው። መምረጥ ሲባል ገበያ ወርዶ ቆዳ እየዳሰሰ አይደለም። ጅቡቲ ከተማ ቡላኦስ ሰፈር ካለው የቤተሰቡ ጨርቅ ሱቅ በላይ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ፍራሽ ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ የአየር ማቀዝቀዣው እንዳይጮህ አጥፍቶ፣ በላብ እየታጠበ ኮምፒውተር ላይ ያፈጣል። በጅቡቲ ሙቀት ማቀዝቀዣ የሚያጠፋ ሰው ወይ ዘፋኝ ነው ወይ ታሟል።

እህቱ ኢክላስ ሐሙስ ትዳራለች። ሙሽራዋ አዳራሽ የምትገባበትን ዘፈን እኔ እሠራለሁ ብሎ የማለው እሱ ነው። ከበሮ መቺው አጎታቸው ሙጠሊብ ከድሬዳዋ በባቡር እስከ ጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ እመጣለሁ ቢሉ፣ ኮምፒውተሬ ውስጥ ስልሳ ከበሮ አለ፣ አይድከሙ ብሎ ያስቀራቸውም እሱ ነው። ሽማግሌው እሺ ብለው ስልኩን ዘጉ።

የመግዣ ገንዘብ አልቸገረውም፤ የቸገረው መወሰን ነው። ሦስት የከበሮ ፕሮግራሞች ለሙከራ አውርዷል። አንደኛው ከበሮዎቹ በረዶ አገር፣ በጥድ ክፍል ውስጥ ተቀድተዋል ብሎ ይመጻደቃል፤ ጥዱ የሚሰማ ይመስል። ሁለተኛው ሮክ ነህ ወይስ ጃዝ እያለ ይመረምራል፤ የድሬ ሰርግ የሚል ምርጫ የለውም። ሦስተኛው ሲምባል የሚባለውን የናስ ሳህን በሠላሳ ሰባት ዓይነት ዘንግ ይመታል። ሙሰዲቅ ሠላሳ ሰባቱንም አዳምጦ፣ ልዩነቱ እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ በዕድሜያቸው አንድ ዘፈን ያልጨረሱ ሰዎች የትኛው ይበልጣል እያሉ ይሰዳደባሉ፤ ሦስት ቀን አብሯቸው ተሳደበ።

አክስቱ ዘቢባ በር ላይ ቆመው ሰሙና፣ "አቦ፣ ይሄ ለሰርግ ነው ለወታደር ሰልፍ?" አሉት። ማስረዳት ጀመረ። ሳያስጨርሱት ወረዱ።

ረቡዕ ሁለቱ ፕሮግራሞች የሙከራ ጊዜያቸው አልቆ ተዘጉ። ሦስተኛው እስኪገዛ ድረስ በየደቂቃው ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል። ሙሰዲቅ ይህን ያውቃል። ለመግዛት አንዴ መጫን ይበቃ ነበር፤ ግን ነገ የተሻለ ቢወጣስ? ዝምታውን በድምፄ እሸፍነዋለሁ አለና ዘፈኑን እንዳለ ቀዳው።

ሐሙስ ኢክላስ አዳራሹ በር ላይ ደረሰች። ከበሮው ጀመረ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ግማሽ መንገድ ስትደርስ ከበሮው ጸጥ አለ፤ የሙሰዲቅ ድምፅ ብቻውን እንደ ጠፋች ፍየል ቀረ። ሙሽራዋ አንድ እግሯን እንዳነሳች ኮምፒውተሩ ጋ የቆመውን ወንድሟን አየችው።

ዘቢባ ማጨብጨብ ጀመሩ። ሴቶቹ ተከተሏቸው፤ ከልጅነት የሚያውቁት የሰርግ ምት በመቶ መዳፍ እየተንከባለለ ተነሳ። ኢክላስ እግሯን አሳረፈች፣ ትከሻዋም ተፈታ።

ከዚያ የኮምፒውተሩ ከበሮ ተመለሰ። ከጭብጨባው ጋር ተላተመና ሙሽራዋ ተደናቀፈች።

"አጥፋው" አሉት ዘቢባ፣ እጃቸው ሳያርፍ። "ዝም ሲል ነው ያማረበት።"

ሙሰዲቅ በወሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ከምንም ጋር ሳያወዳድር ቁልፉን ተጫነ። ቀጥሎ እሱም አጨበጨበ፤ ከሁሉም ትንሽ ዘግይቶ። አጠገቡ የነበሩት አሮጊት ዞረው አዩትና ራቅ ብለው ቆሙ።