የታጠፈው ጋቢና

ጭጋጉ መንገዱን በዋጠበት ጠዋት፣ ከደብረ ሲና በላይ ባለው ዳገት ላይ አንድ ተሳቢ መስመሩን ስቶ በሾፌሩ በያዕቁብ ላይ መጣበት። እሱም የአይሱዙ ጭነት መኪናውን መሪ ወደ ተራራው ጠመዘዘ፤ ከድንጋዩም ጋር ተላተመ። ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል በሕይወት ነበረ። ግራ እግሩ ግን ወደ ውስጥ በታጠፈው ላሜራና በወንበሩ መካከል ተቀርቅሮ ቀርቷል።

ሰዎች ደረሱ። ሁለቱ በብብቱ ይዘው ሲጎትቱት ጮኸ፤ ተዉት። አንዱ «መቁረጫ ይምጣ!» ሲል አንዲት ሴት ተቆጣች።

«ናፍጣው እየፈሰሰ እሳት ልትለቁበት ነው?»

ከዚያ በኋላ ዙሪያውን ቆመው ያዩት ጀመር። ከሕመሙ ይልቅ ይህ ከበደው። ስልኩ ከእግሩ ሥር ይጮኻል። ሚስቱ ሰአዳ ናት፣ ከአልዩ አምባ። እጁ ሊደርስበት አልቻለም።

በመጨረሻ ማረሻና መጥረቢያ እየቀጠቀጠ የሚኖረውን ሽማግሌ፣ ወልደኪዳንን፣ ከከተማ ይዘውት መጡ። ጎንበስ ብሎ ብረቱን በጣቱ አንኳኳ።

«አትታገል ልጄ። ይሄ ላሜራ ነው፤ ካልተጣደፉበት እንደታጠፈ ይዘረጋል።»

«ይሄኛውስ ጋሼ?» ያዕቁብ ቅልጥሙን የተጫነውን ወፍራም ብረት አሳየው።

ሽማግሌው ብረቱን ዳሰሰ። «እሱ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነው። መታጠፍ አያውቅም፣ ይሰበራል። ስባሪው ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም።»

«ወደ እኔ ከሆነስ?»

«ያኔ ትጮኻለህ። እኔም አላቆምም።»

ክሪክ አስመጣ። በወንበሩና በላሜራው መካከል አቁሞ ሩብ ዙር ያሾራል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ያሾራል። ላሜራው እያቃሰተ በጣት ስፋት፣ በጣት ስፋት ሸሸ። ያዕቁብ ዓይኑን ጨፍኖ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላል። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ከዚያ ወልደኪዳን ኮቱን አውልቆ አጠፈና እግሩ ላይ ጠቀጠቀለት።

«አጥብቀህ ያዝ» አለውና ክሪኩን ወደ ወፍራሙ ብረት አዙሮ አሾረ።

ብረቱ እንደ ጥይት ጮኾ ተሰበረ። ስባሪው ኮቱን በስቶ ሥጋው ውስጥ ገባ። እግሩ ግን ወጣ።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወር ከአሥር ቀን ተኛ። እግሩ ተረፈለት፤ ያነክሳል። መንዳት ግን አልቻለም። ሚኒባስ ሲሳፈር እንኳ በሩ ሲዘጋ ላብ ያጠምቀዋል፤ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ወርዶ በእግሩ ገብቷል።

አሁን አልዩ አምባ ገበያ፣ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ በሌለው ዳስ ሥር በርበሬ ይሸጣል። ሰአዳ ክረምት ሳይገባ ሱቅ እንከራይ እያለች ትለምነዋለች። እስካሁን እሺ አላላትም።