ያልተቀቡት የኢብሮ ወታደሮች

ሸዋ ሮቢት በቀትር ሰው አይገኝባትም። ባለባጃጁ ዛፍ ሥር አቁሞ ያንኮራፋል፤ ሽንኩርት ጫኙም ጆንያው ላይ ጋደም ይላል። ናጅዋ ግን በዚያ ሰዓት የወንድሟን የኢብሮን ክፍል ከፍታ ትገባና ትሪው ፊት ትቀመጣለች። ትሪው ላይ ከአውራ ጣት የማይበልጡ የፕላስቲክ ወታደሮች ተሰልፈዋል። ጦር የያዘ አለ፣ ፈረስ የተቀመጠ አለ፣ ምን እንደሚል ባይታወቅም አፉን ከፍቶ የሚጮህም አለ። ሁሉም ጥቁር ናቸው፤ ራሳቸውና ትከሻቸው ላይ ብቻ ነጭ ብናኝ አርፎባቸዋል። የሮቢት ፀሐይ አናታቸው ላይ ቆማ የቀረች ይመስላል።

ይህን ያደረገው ኢብሮ ነው። ኢብሮ ጎሚስታ ነበር። የጭነት መኪና ጎማ በሚነፋበት ኮምፕሬሰር ላይ እስክሪብቶ የምታክል ቀለም መርጫ፣ ኤርብራሽ የሚሏትን፣ ገጥሞ ሥራ አስጀመራት። የነፋሱን ኃይል መቀነስ እስኪለምድ ድረስ የመጀመሪያው ወታደር ከነፈረሱ አስፋልቱን ተሻግሮ በሯል። ጨዋታውን ያመጣው ጓደኛው መምህር ሀብታሙ ነው፤ ዘመዱ ከዱባይ ሁለት ካርቶን ልኮለት። ጠረጴዛ ላይ ጦር ያሰልፋሉ፣ በሜትር እየለኩ ያራምዳሉ፣ ዳይስ ይጥላሉ፤ ማን እንደሞተ የሚናገረው የወጣው ቁጥር ነው። «ጢም አብቅላችሁ በአሻንጉሊት!» ትላቸዋለች የእነኢብሮ እናት ሐምዲያ። ግን ሻይ አቅርባ፣ ማን እንደተሸነፈ ሳትሰማ አትወጣም።

ሥራው የሁለት ሰው ነበር። ኢብሮ በማለዳ ቀለሙን እንደ አጓት አቅጥኖ ይነፋል። ፀሐይ ከበረታች በቆላው ሙቀት ቀለሙ መንገድ ላይ ደርቆ ወታደሩ ዘንድ የሚደርሰው አቧራ ሆኖ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የናጅዋ ነው። እሷ የሙሽራ እጅ ላይ ሂና የምትስል ናት፤ ቀበቶውም፣ ልጓሙም፣ ዓይኑም ለቀጭኗ ብሩሿ ይተዋል። ዓይን ስትቀባ ትንፋሿን ትይዛለች። መጀመሪያ ነጩ፣ ቀጥሎ በብሩሹ ጫፍ ጥቁሩ፤ ያን ጊዜ ወታደሩ ቀና ብሎ ያያታል።

የሀብታሙን ባለቀይ ካባ ጦር እንዲህ ጨረሱ። ተራው የኢብሮ ጦር ሆነ። ጥቁሩን ነፋ፣ ነጩን ከላይ አሳረፈ፣ ኤርብራሿን አጥቦ ሰቀለ። በማግስቱ ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ሊገባ ከጓደኞቹ ጋር በባቲ አድርጎ ሄደ። ለእህቱ ያላት «ስመጣ እንጨርሳቸዋለን» ብቻ ነው። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ ስልክ የለም።

ሐምዲያ ልጇ የወጣ ዕለት ቤቷን አልጠረገችም። መንገደኛ እንደወጣ ቤት አይጠረግም፤ ዱካው ይጠፋል። ናጅዋም በሆዷ ለወታደሮቹ የራሷን ሕግ አወጣች፦ እነሱ ካልተጨረሱ ኢብሮ ይመጣል። ሞኝነት መሆኑን ታውቃለች። ታውቃለች፣ ግን ብሩሽ አታነሳም።

«ቀቢያቸውና እንጫወት» ይላታል ሀብታሙ ብቅ ባለ ቁጥር። «የኔዎቹ ጠላት አጥተው ሥራ ፈቱ።»

«ባለቤታቸው ሲመጣ።»

«እንዲህ ጠቁረው ሳያቸው እኮ ሐዘን የተቀመጡ ይመስሉኛል።»

«አታሟርት!» አለችው፤ ሻዩንም ሳታቀርብለት ቀረች።

አንድ ቀትር ራሷን ክንዷ ላይ ጥላ አሸለበች። ወታደሮቹ ከትሪው ወረዱና በበሩ ሥር ሾልከው ወጡ። በካራቆሬ ከተማ ባጃጆች መሐል አለፉ፤ ማንም አልረገጣቸውም። ባሕሩ ከከተማቸው ከሮቢ ወንዝ አይሰፋም ነበር። ኢብሮ ከወዲያ ማዶ ቆሞ መንገዱ ላይ ነጭ ብርሃን ይነፋላቸዋል፣ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ እነሱ ግን ወደ እሷ ዞረው ቆሙ። ፊታቸው ላይ ዓይን የለም። በምን ይዩት? ባንና ስትነሳ ብሩሹ እጇ ውስጥ ነበር። ወርውራው ወጣች።

ስልኩ የጠራው ከዚያ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ነው። ቁጥሩ የማይታወቅ ነበር። ሐምዲያ «ኢብሮ!» ብላ እልል ስትል ጎረቤቷ ዘነበች ሊጥ በእጇ እንደያዘች ሮጣ መጣች። ጂዳ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም ይነፋል፣ ጤነኛ ነው። እናትየዋ አልቅሳና መርቃ ስትጠግብ ስልኩ ለናጅዋ ደረሰ።

«ናጅዬ፣ ሰዎቼ ደህና ናቸው?»

«እንዳስቀመጥካቸው ናቸው። ማንም አልነካቸውም።»

ከበስተኋላው ኮምፕሬሰር ያጓራል።

«ጨርሺያቸው በቃ» አላት። «ላንቺ ይሁኑ። እኔ ሰማያዊ አስቤላቸው ነበር፤ አንቺ ደስ ያለሽን ቀቢ። ሀብታሙን አደራ፣ አሸንፊልኝ።»

«ስትመጣ አብረን…»

«ናጅዬ» አለ። እመጣለሁ ግን አላለም።

ያን ጊዜ ገባት። ሞቶ ይሆናል ብላ ስትሰጋለት የከረመችው ወንድሟ በሕይወት አለ፤ ግን አይመጣም። ከደስታውና ከሐዘኑ የትኛው እንደሚቀድም ጠፋት።

«ምን አለሽ?» አለች ሐምዲያ፣ ስልኩን እንደ ሕፃን አቅፋ።

«ወታደሮቹን ጨርሺያቸው አለኝ።»

የሐምዲያ ፊት በራ። «ሊመጣ ነዋ! የማይመጣ ሰው ዕቃዬን አዘጋጁልኝ ይላል? አልሐምዱሊላህ! ተነሺ እንጂ፣ ሳይደርስብሽ!»

ናጅዋ አፏን ከፈተች። የእናቷን ፊት አየችና መልሳ ዘጋችው። ክፍሉ ገብታ ሰማያዊውን ቀለም ከፈተች። ሐምዲያም ተከትላት ገብታ አጠገቧ ቁጭ አለች፤ «በይ፣ ይሄን አስቀድሚው፣ ይሄኛው እሱን ይመስላል» እያለች ወታደሮቹን አንድ በአንድ ታቀብላት ጀመር።