በእግሩ የመጣ ሙሽራ

«አባ ሮኬ፣ ወንድም ጋሼ፣ አባ ሮኬ» እያለች አንዲት ሴት ወደ ድንኳኑ ስትገባ ለሠልስት የተቀመጠው ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ።

ጌታነሽ አላዞረችም። ከበግ ጠጉር በተሠራው ወፍራም ባና ላይ እንደተቀመጠች በዓይኗ ጥግ አየቻት። ሃምሳን ያለፈች ቀጭን ሴት ናት፤ ፊቷን የቆላ ፀሐይ ያጠቆረባት፣ ጫማዋ አቧራ የጠጣ፣ በእጇ ከአንድ ፌስታል በቀር ምንም የሌላት። ደረቷን እየመታች ሰውን ሰንጥቃ መጣችና ከፊቷ ተንበርክካ አለቀሰች። የእውነት ልቅሶ ነው። ጌታነሽ የውሸቱን ለይታ ታውቃለች፤ በሦስት ቀን ውስጥ እዚሁ ድንኳን ሥር እስኪበቃት አይታዋለች። ይህችኛዋ ግን አፍንጫዋ እስኪፈስ ነው የምታለቅሰው። ጌታነሽን ያናደዳትም ይኸው ነው። የራሷ ዓይን ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንደ ደረቀ ነው፤ መንደሩም ይህን አይቶባታል።

«እግዜር ያጥናዎት እትዬ። ዓለሚቱ እባላለሁ። ከዓለም ከተማ ነው የመጣሁት» አለች ሴትዮዋ።

ጌታነሽ ራሷን ብቻ ነቅነቅ አደረገች።

ከኋላዋ ሹክሹክታው ተነሣ። በጊሼ አገር ወንድ ሲሞት በፈረሱ ስም ተጠርቶ ይለቀስለታል፤ አባ እንዲህ፣ አባ እንዲያ እየተባለ። የጌታነሽ ባል ወዳጆ ግን ፈረስ ኖሮት አያውቅም። በቀብሩ ዕለት አስለቃሿ ምን ብላ እንደምትጠራው ጨንቋት የገብሱ ጌታ ብላ አልፋዋለች። ታዲያ ፈረስ የሌለው ሰው አባ የሚባለው በምንድን ነው? ጎረቤቷ እማሆይ አስካለ ማርያም ጠጋ ብለው ሮኬ የሮማን ቁልምጫ ሳይሆን አይቀርም አሏት። ለማጽናናት ይሁን ለመውጋት አልለየላትም። እማሆይ ከመነኮሱ ወዲህ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ለምደዋል።

ሮማን። ሴት ልጅ።

ጌታነሽ ልጅ አልወለደችም። በተጋቡ በስድስተኛው ዓመት ዘመዶቹ ሌላ ሚስት አግባ ብለው ሲወተውቱት፣ ወዳጆ በሽማግሌዎቹ መካከል ብድግ ብሎ ነገሩ ከእኔ ነው፣ እሷን ተዉአት አለ። ወንድ እንዲህ ሲል በራቤል ዙሪያ ተሰምቶ አይታወቅም። ሰው ሳቀበት። እሷ ግን በዚያች ቃል አንገቷን ቀና አድርጋ አርባ ዓመት ኖረች። ሌሎቹ መካኖች ጠበል ቦታ ሲንከራተቱ እሷ ቤቷ ተቀመጠች። አሁን ዓለም ከተማ ላይ አባቴ የምትል ሮኬ ካለች፣ ነገሩ ከእሱ አልነበረም ማለት ነው። ከዚህ ባና ላይ የምትነሣው የተታለለች ሚስት ብቻ ሳትሆን መካን ሴትም ሆና ነው። እውነቱን ሳታውቅ አንዲት ጠብታ እንባ ላታወጣለት በልቧ ማለች።

የምትጠረጥርበት ነገር ደግሞ አላጣችም። ወዳጆ በየዓመቱ አስተርዮ ማርያም ሲያልፍ አክስቴን ልጠይቅ ብሎ በእግሩ ቁልቁል ወዳደገበት ወደ ዓለም ከተማ ይወርዳል፤ በሳምንቱ ይመለሳል። አክስትህ መቶ ሠላሳ ሞላት ወይ እያለች ትቀልድበት ነበር። አይስቅም፣ አይቆጣም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲመለስ ከጋቢው ላይ ፀጉር ትለቅም ነበር፤ ረጅም፣ ቀላ ያለ፣ ወፈር ያለ ፀጉር። ሂና የምትቀባ ሴት አለችው አለች በልቧ። መጠየቅ ግን መለማመጥ መሰላትና ፀጉሩን እሳት ውስጥ ጨመረችው። ከዓመታት በኋላ ፀጉሩ ቀረ። ሴትዮዋ ሸብታለች ወይ ሞታለች ብላ ደስ አላት። መንገዱ ግን አልቀረም።

እንዲህ ያለ ሰው ውሽማ ይይዛል ብሎ የሚያምን አልነበረም እንጂ። ወዳጆ ዝግ ያለ ሰው ነው። አይሮጥም፤ በቅሎ እንኳ ቢለምኑት አይወጣም። ለሠርጉ ሌላው ሙሽራ በሰጋር በቅሎ፣ በፈረሰኛ ታጅቦ ሲመጣ እሱ እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ በእግሩ መጣ። ጓደኞቿ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ያንን ሳቅ አልረሳችም፤ እንዲረሳውም አልተወችውም። ተቆጥታ በሰው ፊት ስትሰድበው ከሬሳ ጋር ነው የተጋባሁት ትለው ነበር። ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ይህን ቃል በአፏ አላወጣችውም።

ሰዉ እዝኑን ቀምሶ ወንዶቹ ወደ ከብታቸው ሲበተኑ፣ እንግዳዋ በዓይኗ ቤቱን መቃኘት ጀመረች። ግድግዳውን አየች፣ የበሩን መቃን አየች፣ አጥሩን ዙሪያውን አየች። ጌታነሽ አብራት አየች። ለውርስ አጥሩን እየለካች ነው አለች በልቧ። ከዚያ እማሆይን ጠርታ ያችን ሴት ወደ ጓዳ ያስገቡልኝ አለቻቸው።

ዓለሚቱ ገብታ ከጆንያው ላይ ተቀመጠች። ጌታነሽ አልተቀመጠችም።

«ሮኬ የት ናት?»

«ሞቷል እኮ እትዬ። ሠላሳ ዓመት አለፈው።»

«ወንድ ነበር?»

«ወንድ ነው። የቀይ ዳማ። መልኩማ አይጠገብም ነበር።»

ጌታነሽ ምሰሶውን ያዘች። ወንድ ልጅ። መልከ መልካም ወንድ ልጅ ወልዶ፣ ቀብሮም ነበር፤ ከዚያ ሐዘን መልስ እዚህ ቤት ገብቶ እራቱን ዝም ብሎ በልቷል።

«እናቱ ማን ናት?»

«እናቱን እንኳ እሳቸውም አያውቋትም። ከገበያ ነው ያመጡት።»

«ልጅ ከገበያ?»

ዓለሚቱ አፏን ይዛ ቀረች። ቀስ እያለ ነገሩ ሲገባት ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

«እትዬ፣ ሮኬ ፈረስ ነው።»

በሩ ላይ ጆሯቸውን ጥለው የቆሙት እማሆይ አማተቡ። ጌታነሽ ግን አላመነችም። ወዳጆ ፈረስ ኖሮት አያውቅም፤ ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ከየት አገኘሽው አለቻት። የፈረስ ስም እንዲህ ነው ወይ፣ መብረቅ አለ፣ ነጎድጓድ አለ፣ ሮኬ የሚባል ማን ሰምቷል አለች። ዓለሚቱም ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሻሸች ከመጀመሪያው ጀመረች።

በዕድገት በኅብረት ዘመቻው ዓመት ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ ተማሪዎች ዓለም ከተማ ሰፍረው ነበር። አንደኛው ሱሪው ከታች እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ ጎፈሬው በር የማያስገባው ልጅ፣ ቴፕ ይዞ መጣ። በቴፑ የሚያጫውተው የፈረንጅ ዘፈን ቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ ይመስላል። ምን ይባላል ሲሉት ሮክ አላቸው። ትርጉሙ ሲሉት ድንጋይ ነው አለ። ድንጋይ ደግሞ እንዲህ ይጮኻል ወይ ብለው ሳቁ። ከወጣቱ ሁሉ ያን ዘፈን የወደደው ወዳጆ ነው። ያኔ ዳማ ፈረስ ነበረው፤ ከግልቢያው ሜዳ ዳር ቴፑን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በዘፈኑ ያለማምደዋል። ፈረሱ ጊታሩን ሲሰማ ጆሮውን ያቆማል፣ መሬት ይቆፍራል፤ ያዙኝ ልቀቁኝ ይላል። ስሙም ሮክ ወጣለት። ሲቆላመጥ ሮኬ ሆነ። ቀሳውስቱ ተቆጡ፤ የሰይጣን ፈረስ ነው ተባለ። ግን በግልቢያ የሚቀድመው ጠፋ።

«በዓመቱ ለጥምቀት» አለች ዓለሚቱ፣ «ከማዶ አገር ጭምር ፈረሰኛ መጥቶ ሜዳው ሞልቷል። እኔ ልጅ ነኝ፤ ወንድሜ ይሥሐቅ ትከሻው ላይ አውጥቶኛል። ሊነሡ ሲሉ የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ደከመ። ዘፈኑ እየተጎተተ፣ እየተጎተተ ዝም አለ። ሌሎቹ ፈረሶች ወጡ። ሮኬ ቆመ። ዘፈኑን እየጠበቀ ነው እኮ። ሰዉ በሳቅ ሞተ። ጋሼ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጊታሩን በአፋቸው መቱት።»

«ማን? ወዳጆ?»

«እሳቸው ናቸው እንጂ። ዲ ዲ ዲው፣ ዲ ዲ ዲው እያሉ፣ አገር እስኪሰማ። ፈረሱ እንደ ጥይት ወጣ። ከኋላ ተነሥቶ ሁሉንም አለፋቸው። ጋሼ ግን ከደረሱም በኋላ አላቆሙም፤ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ።»

ጌታነሽ ይህን ሰው ለማየት ሞከረች። አርባ ሰባት ዓመት አብሯት የኖረው ሰው ሲያዜም የሰማችው ቅዳሴ ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም ከንፈሩን ነበር የሚያንቀሳቅሰው። ሴትዮዋ የምታወራው ስለ ሌላ ሰው ነው አለች። አጠመደቻት።

«ጋማው ምን ዓይነት ነበር?»

«ቀላ ያለ። ረጅም። ጋሼ ሲመጡ ግንባራቸውን እሱ ላይ አስደግፈው ይቆዩ ነበር።»

ጌታነሽ እሳት ውስጥ የጨመረችውን ፀጉር በልቧ ቆጠረች። ጆንያ ስባ ተቀመጠች።

«ለምን ተወው ታዲያ?»

ዓለሚቱ አንገቷን ደፋች። አባትዎ ናቸው አለች። ሽማግሌ ሲላክ ይሥሐቅ አብሮ መጥቶ ነበርና ቃሉን ሰምቷል። የጌታነሽ አባት ይህ ልጅ ፈረሰኛ ነው መባሉን ሰምተው ነበር። እኔ አንድ ወንድ ልጅ ነበረኝ፣ እሱንም ፈረስ በላብኝ፤ ልጄን የሚወስድ፣ ቤቴም የሚገባ በእግሩ ይምጣ፣ በእግሩም ይኑር፣ ስለ ፈረስም አንዲት ቃል በልጄ ጆሮ እንዳያስገባ አሉ። ወዳጆ በጊዮርጊስ ማለላቸው።

ጌታነሽ ወንድሟን አንዷለምን አስታወሰች። ለጥምቀት ሲጋልብ ወድቆ በቃሬዛ ሲመጣ እሷ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አባቷ ኮርቻውን፣ ልጓሙን፣ ግላሱን ሁሉ ግቢ ውስጥ አቃጠሉት። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት የፈረስ ነገር አይነሣም። ለምን እንደማይነሣ ታውቅ ነበር። ለማን ሲባል እንደማይነሣ ግን ጠይቃ አታውቅም።

«ፈረሱን ለወንድሜ ሰጡት። በየዓመቱ እየመጡ ያጥቡታል፣ ያጠጡታል» አለች ዓለሚቱ። «ጋሼ አንዴ እንኳ ውጡበት፣ እዚህ ማን ያያል ስንላቸው፣ በእግሬ እኖራለሁ ብያለሁ ይላሉ። ሮኬ ከሞተ በኋላም መምጣቱን አልተዉም። ያንን ዘፈን አጫውተንላቸው ጥግ ተቀምጠው ሰምተው ይሄዳሉ። አምና ከልጄ ስልክ ላይ ነው የሰሙት።»

«አንቺ ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

«ምንም። ስሞት ቃሉ አይዘኝም፣ አንድ ሰው መጥቶ በፈረሴ ስም ይጥራኝ ብለውን ነበር። ይሥሐቅ ቀድሟቸው ሞተ። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«አጥሩን ምን ታዪ ነበር?»

«ምነው እትዬ። ስለዚህ ቤት ሲያወሩ አይጠግቡም ነበር። ያወሩትን ነው የማየው።»

ጌታነሽ ሌላ የምትጠይቀው ጠፋት። አንዲት ነገር ብቻ ቀረች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት። ልጅስ ነበረው? ከጋብቻ በፊትም ቢሆን? ዓለሚቱ የለም አለች፤ ደግማም ማርያምን የለም አለች።

ማመን ትችል ነበር። አመነችም። ግን ውስጧ ያለው ጥርጣሬ በዚህ አልተኛም፤ ዞሮ ሌላ ቦታ ነከሳት። ወዳጆ ሐኪም ቤት ሄዶ አያውቅም። ጠበልም አልገባም። ከእኔ ነው ያለው በምን አውቆ ነው? ስለ ፈረስ አርባ ሰባት ዓመት አፉን የዘጋ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ መካከል ቆሞ ራሱን ያዋረደው፣ በእውነት ከእሱ ስለሆነ ነው? ወይስ ያኛውም እንደ ፈረሱ ለእሷ ሲል ነው? ቢሆንም ባይሆንም የሚመልስላት ሰው ጊዮርጊስ ደጅ አፈር ውስጥ ነው።

«በሰው ፊት ምን እለው እንደነበር ነግሮሻል?» አለቻት።

ዓለሚቱ ፌስታሏን አጣጠፈች።

ከጓዳ ወጡ። ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት ሴቶች ወሬያቸውን ቆረጡ። ጌታነሽ ማንንም ሳታይ ሄዳ ባናው ላይ በቦታዋ ተቀመጠች፤ ዓለሚቱ በር አጠገብ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ልታርፍ ስትል ጌታነሽ ጠጋ አለችና ከጎኗ ያለውን ባዶ ባና በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ነይ እዚህ። የቤት ሰው በር ላይ አይቀመጥም።»

ዓለሚቱ መጥታ ተቀመጠች። የጌታነሽ እጅ ግን አልቆመም። ባናውን መታ ያደርጋል፣ ጠጉሩን እንደ ፈረስ ጋማ ወደ አንድ በኩል ይዳብሳል፣ ደግሞ መታ ያደርጋል። እማሆይ አስካለ ማርያም እጇን ሊይዙላት እጃቸውን ዘረጉ፤ ፊቷን ሲያዩ ተዉት።