አማኑኤል ጋ ታይ

ከመናኸሪያ ተነስቶ ቆቦ ገበያ ለመድረስ አርባ ደቂቃ የሚፈጅበት ባጃጅ ነጂ ከአላምረው ሌላ የለም። ሰውየው ቀርፋፋ ሆኖ አይደለም፤ ሲነዳማ ንፋስ ነው። ችግሩ መመለሱ ነው። ጎማው ጠጠር በረገጠ ቁጥር «ሰው ገጨሁ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ያንቀዋል። ዞሮ ያያል፤ ምንም የለም። ጥቂት ሄዶ «በደንብ አላየሁ ይሆናል» ይልና እንደገና ይዞራል። የቆቦ መንገድ ደግሞ ጠጠር የሚቸግረው አይደለም።

የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ሙሀመድሰይድ «ደርሶ መልስ» የሚል ስም አወጣለት። «ደርሶ መልስ ላይ የምትሳፈሩ ስንቅ ያዙ!» እያለ ሰዉን በሳቅ ሲያፈርሰው አላምረውም አብሮ ይስቃል፤ ሆዱ ግን ያርራል። ሁለት ሳምንት ጠበል ገብቶ ልቡ ረጋ ብሎለት ነበር፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን የመጀመሪያዋን ጠጠር ረገጠ። አሁን ተሳፋሪው ሁሉ እየሸሸው ስለሆነ ባጃጇን የሚገዛ ሰው ማፈላለግ ጀምሯል። ከሷ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ሐሳቡን ግን ለሚስቱ ለቆንጅት እንኳ አልነገራትም፤ «አበደ» ከሚሉት ሞቱን ይመርጣል።

አንድ ማክሰኞ የጤና ኤክስቴንሽኗ አየለች ተሳፈረች። አራት ጊዜ ሲመለስ አየችው። ስትወርድ ጠጋ ብላ፣

«ወንድሜ፣ ይሄ ሕመም ነው፤ ደግሞ ይታከማል። ሳትውል ሳታድር አማኑኤል ጋ ታይ» አለችው። ወዲያው ስልኳ ጮኸና እያወራች ሄደች።

አላምረው የባጃጇን ሞተር አጠፋ። አማኑኤል! ያ አዲስ አበባ ያለው፣ ሰው ስሙን ሲጠራ ድምፁን የሚቀንስለት የአእምሮ ሆስፒታል! «እዚህ ደርሻለሁ ማለት ነው» ብሎ እንባው መጣ። ቤቱ ገብቶ የሆዱን ሁሉ ለቆንጅት ዘረገፈላት።

ቆንጅት ሰምታ ሰምታ፣ «እኔ እኮ ሌላ ሴት የያዝክ መስሎኝ! ያን ሁሉ ሰዓት የት ነው የሚያሳልፈው እያልኩ በቅናት ተቃጥዬ ላልቅ!» ብላ ሳቋን ለቀቀችው። ስቃ ስትጨርስ አቅፋው አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ቆንጅትን ማን ይያዛት? «ባሌ ሊታከም አማኑኤል ሊሄድ ነው!» እያለች ሰፈሩን አዳረሰችው።

«ኧረ ቀስ በይ!» አላት አላምረው አንገቱን ደፍቶ።

«ወባ ሲይዝህ ደብቄህ አውቃለሁ?» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ሰው ሞላ። ዳቦ ቆሎ የቋጠረ፣ ማንጎ በፌስታል ያንጠለጠለ፣ ለአዲስ አበባ ብርድ ብሎ ጋቢ ያመጣ ሁሉ መጣ። አንዷ ጎረቤት ጆሮው ስር ገብታ «የእንቅልፍ ማጣትም መድኃኒት ካለው ጠይቅልኝ» አለችው። ሌላው ስለ ወንድሙ አደራ ሰጠው። ያ የፈራው ወሬ አገር ምድሩን ሞልቶት እያለ አላምረው ራሱን ቢዳስስ በሕይወት አለ። እንዲያውም ደስ ደስ አለው።

ወደ ሆስፒታል የሚልክ የሪፈር ወረቀት ያስፈልጋል ስለተባለ ሸኚው ሁሉ ግር ብሎ ጤና ጣቢያ ገባ። ካርድ ክፍል ሲደርሱ አላምረው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣

«አማኑኤል ልሄድ ነበር» አለ።

ሠራተኛዋ ቀና እንኳ ሳትል፣ «በግራ በኩል፣ ሦስተኛው በር» አለችው።

«አዲስ አበባ አይደለም እንዴ?»

«ኧረ እሱ ከደብረ ማርቆስ ነው የመጣው።»

ሦስተኛው በር ተከፈተና ነጭ ጋዋን የለበሰ ቀጭን ወጣት ብቅ አለ። «አማኑኤል እባላለሁ፣ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ምነው፣ ይሄ ሁሉ ስንቅ ለኔ ነው?»

ጤና ጣቢያው በሳቅ ተናጋ። አላምረው ሆዱን ይዞ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ሳቁ አልቆም ብሎት እየሳቀ ገባ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ሕመሙ ስም እንዳለው፣ ብዙ ሰው እንደሚይዝ፣ ጊዜ ቢወስድም እንደሚሻለው ተነገረው። «ባጃጇን እንዳትሸጣት» አለው አማኑኤል፤ «ሳትዞር መንዳት የምንለማመደው በሷው ነው።»

ሲወጣ ሸኚው ዳቦ ቆሎውን እየቆረጠመ ነው። ሙሀመድሰይድ ብቻ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሊቀልድ መጥቶ ነበር፤ አሁን ፊቱ ላይ ቀልድ የለም።

«አላምረው» አለ፤ በስሙ ሲጠራው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። «ሰውየው ያሳፍራል?»

«አያሳፍርም።»

«ወላሂ፣ እኔ ከጦርነቱ ወዲህ ጎማ ሲፈነዳ እንኳ ከወንበር ስር ነው የምገኘው። በሰው የምስቀው እንዳይታወቅብኝ ነው።»

አላምረው ትከሻውን ያዘው።

«ተራው ያንተ ነው» አለውና በሩን ከፈተለት።